አሳስቼ ያነበብኩት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1990

የተጎታች ቤቱ ባትሪ ደርቋል። ስድስቱንም ክዳን አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ፤ ጠብታ ውሃ የለበትም። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከቁም ሳጥኑ ሥር ያለው ቻርጀር ግን አሁንም ያጉረመርማል። እጄን ሳስጠጋው አቃጠለኝ። ከቤቱ የሚመጣውን ገመድ ነቀልኩና ዝም አለ።

የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ከመጣ ሳምንት ሆነው። ደጄ ላይ የቆመው ተጎታች ቤት እስከ ሰኞ ማታ ይነሳ ይላል። ባሌ ደምሴ ካረፈ ወዲህ አንድ ጫማ አልተንቀሳቀሰም። ጎማዎቹ ሥር ሣር በቅሏል። ደብዳቤው የመጣ ቀን ነው ቻርጀሩን እንደገና የሰካሁት፤ ባትሪው ነፍስ ካለው ብዬ።

ጀማል ከሥራ መልስ መጥቶ አየው። ጀማል የደምሴ ጓደኛ ነው፤ አንድ ታክሲ በፈረቃ ይነዱ ነበር። አሁን እዚሁ አቅራቢያ ኮሜርስ ሲቲ ለአንድ መጋዘን የጭነት መኪና ይነዳል። ተጎታቹን በፒክአፑ ወስዶ የአጎቱ ልጅ ግቢ ውስጥ ሊያቆምልኝ ተስማምቷል።

ባትሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «ይሄ እንኳን አላህ ይዘንለት» አለ። ወዲያው ደነገጠ። «ይቅርታ የሺ።»

ስቄ ነበር። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

ያለ ባትሪ መንገድ ላይ አላወጣውም አለኝ። ተጎታቹ ድንገት ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚይዘው ባትሪው ነው። ባትሪውን እኔ አመጣለሁ፣ ቻርጀሩን ግን ጣይው አለ።

«ማነው ይሄን የመረጠው?»

«እኔ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ።

እስከ ሰኞ፦
ባትሪ (ጀማል)
ቻርጀር (እኔ)
የግራ ጎማ ነፋስ
የኋላ መብራት
እትዬ አስካለ

የመጨረሻውን ሰረዝኩት። ከዚያ መልሼ ጻፍኩት።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ከሥራ ወጥቼ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። አማርኛውን ከጎረቤት ልጅ ደብተር ነው የለቀምኩት፤ እንግሊዝኛውን እዚህ አገር፣ በምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከሳሙናና ከክሎሪን ካርቶን ጀርባ። ስለዚህ ካርቶን ላይ የሚጻፍ እንግሊዝኛ አያስፈራኝም። ልብ ወለድ ነው የሚያደክመኝ።

ስለ ተጎታች ቤት መብራት አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። የገለበጥኩት፦

ቻርጀሩ የቤቱን ኮረንቲ ወደ አሥራ ሁለት ቮልት ይለውጣል። መብራቱንም ያበራል፣ ባትሪውንም ይሞላል።

የድሮው ዓይነት ባትሪው ሞላ አልሞላ አይልም። እኩል ይገፋል። ብዙ ቀን ከተተወ ውሃውን ያፈላዋል።

አዲሱ ዓይነት ባትሪው ሲሞላ ራሱ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩልም አውቀው ነበር።

ስለ እትዬ አስካለ ልጻፍ። የደምሴ ታላቅ ወንድም የጋሼ ኃይሉ ሚስት ናቸው። ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ይኖራሉ፤ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ደምሴ ሲሞት ለቅሶ አልመጡም። «ወንድሙን ላላለቀሰ አላለቅስም» ብለው ሰው ላኩብኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። ጥፋቱ የደምሴ ይመስላቸዋል። የኔ ነው። ይህን በቀለም ጽፌው አላውቅም ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ደምሴ በልቡ ታሞ ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ ኃይሉ ሞቱ። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካው ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። ጀማልና ሁለት ሽማግሌዎች ተመካከሩ። ትንሽ ይጠንክር፣ ከዚያ ማልደን መጥተን እናረዳዋለን አሉ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይህ የሁላችንም ደንብ ነው። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ጥፋት የለም።

እትዬ አስካለ ግን በየሁለት ቀኑ ሥራ ቦታዬ ይደውሉ ነበር። «ወንድሙ ነው፣ ይወቅ! ካልነገርሽው ቤት ደውዬ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉኝ። ፈራሁ። ነግሬዋለሁ አልኳቸው። አልቅሷል፤ ድምፁ ተዘግቷል፤ ሲሻለው ይደውልልዎታል አልኳቸው።

እሳቸው ድምፁን ጠበቁ። ሦስት ወር ሙሉ።

ደምሴ ደግሞ ወንድሙ ጋ ራሱ አይደውልም ነበር። መታመሙን እንዲሰሙበት አልፈለገም። «ድምፄ ያጋልጠኛል። ድኜ፣ ትሬለሩን ይዤ፣ ለፋሲካ ድንገት ደጁ ላይ ነው የምቆመው» ይለኝ ነበር። ተጎታቹን ትሬለር ነው የሚለው። እኔን ነው የሚያስደውለኝ። ማታ ማታ ይጠይቀኛል፦ «ኃይሉ ምን አለ?»

«ሰላም ብሎሃል» እለዋለሁ።

ከሞተ ሰው ሰላምታ አቀብል ነበር።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሊትልተን ሄድን። የተጎታች ቤት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ እዚያ አለ። ጀማል ነዳልኝ። መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነበር።

«የሺ፣ ኮሜርስ ሲቲ እኮ ነው የምወስደው፣ ቅርብ ነው። ባትሪውን መኪናዬ ላይ ቻርጅ አድርጌ አመጣልሻለሁ። አዲስ ቻርጀር ለምንሽ ነው? ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ለሚከርም ነገር!»

«እንደተበላሸ አልሰጠውም።»

«ለማን ነው የምትሰጪው? ለባዶ ግቢ?»

ሱቁ ጋ ስንደርስ ቀድሜው ወረድኩ።

ሻጩ ጢሙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሦስት ነገር ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንደኛው መቆንጠጫ ያለው የመኪና ቻርጀር፤ ባትሪ ይሞላል፣ የተጎታቹን መብራት ግን እንደ ልብ አይችልም። ሁለተኛው የኔው የድሮ ዓይነት። ያው ቅርጽ፣ ያው ግራጫ ቀለም። ገፋ አድርጌ አራቅኩት። ሦስተኛው ትንሽ፣ ቀላል፣ በጎኑ ማራገቢያ ያለው።

ስንት ባትሪ አለሽ አለኝ። አንድ። ምን ምን ትጠቀሚያለሽ? አምስት አምፖል፣ የውሃ ፓምፕ፣ የማሞቂያው ማራገቢያ። እንግዲያው ትንሹ ይበቃሻል፣ ትልቁ ለሁለት ባትሪ ነው አለ።

አንድ ጥያቄ አዘጋጅቼ ሄጄ ነበር። ሦስት ጊዜ በልቤ ብየዋለሁ።

«ባትሪው ሲሞላ ምን ያደርጋል?»

ሻጩ ቀና ብሎ አየኝ። «ይቀንሳል» አለ። «ከዚያ ይጠብቃል።»

ሦስተኛውን ወሰድኩ።

የድሮውን ቻርጀር የመረጥንበት ካታሎግ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ስኳር የደምሴን ዓይን አድክሞት ነበር፤ ጥቃቅን ፊደል አይታየውም። ካታሎጉን ጭኔ ላይ ያደርግና «አንብቢልኝ» ይላል። የዚያን ጊዜም ሁለት ዓይነት ነበር። በድሮው ዓይነት ሥር፣ ባትሪውን ለቀናት ሰክተው አይተዉት፣ ውሃውን በየጊዜው ይመልከቱ ይላል። እኔ ያነበብኩለት እንዲህ ነው፦ ሁልጊዜ ተሰክቶ ቢቆይ ችግር የለውም፤ ውሃ ማየት አያስፈልግም፤ ከሌላው ይሻላል።

እያወቅኩ ነው። ባትሪው ከተበላሸ መንገዱ ይዘገያል ብዬ። ዩታ ቢደርስ ማንን ያገኛል?

በአምስተኛው ሳምንት ባትሪው ፈልቶ አለቀ፣ ጎኑ አበጠ። ደምሴ አጠገቡ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ።

«አጠፋሁ፣ የሺ። ውሃውን ማየት ነበረብኝ።»

«ወረቀቱ አያስፈልግም ብሏል እኮ።»

«ወረቀት ምን ያውቃል፣ የራሴ ስንፍና ነው» አለኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ። ሌላ ባትሪ ገዛ፤ ቻርጀሩ ግን ያው ቀረ።

ስንመለስ ጀማል ሬዲዮውን ዘጋው። ባለፈው ወር ጭነት ይዞ ሶልት ሌክ ሲያልፍ እትዬ አስካለን ሊጠይቃቸው ገብቶ ነበር። ሳይነግረኝ ነው የቆየው።

«የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ ግድግዳው ላይ አለ» አለ። «የደምሴን አውርደውታል። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ምን አስቀየማቸው?»

የመኪናውን መስኮት አየሁ።

«አንቺን ነው የምጠይቀው እኮ።»

«ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አልኩት።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7

በእረፍት ሰዓት ከሥራ ቦታ ደወልኩ። «ሃሎ» አሉ። ዘጋሁት። ድምፃቸው አርጅቷል።

ሰኞ ተጎታቹ ከደጄ ከተነሳ በኋላ የምናገር አይመስለኝም። ራሴን አውቃለሁ። ዓይኔ ሥር የቆመ ነገር ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ሲወቅሰኝ የኖረው፤ እሱ ሲሄድ እኔም ዝም ብዬ አረጃለሁ። ደምሴ ደግሞ ለወንድሙ እንዳላለቀሰ ሰው ሆኖ ይቀራል። ስሙን የሚመልስለት ከኔ በቀር ማንም የለም።

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጠዋት ሳስብ ዋልኩ። መጋቢት ነበር። ሦስት ሆነው ጎህ ሲቀድ መጡ፣ ጋቢ ለብሰው። ጀማል አንዱ ነው። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ፤ በሩን ከኋላዬ ገጠም አደረግኩት።

«ዛሬ አይሆንም» አልኳቸው። «ሲያስለው ነው ያደረው።»

ደህና ተኝቶ ነው ያደረው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ አንገታቸውን ነቀነቁና ተመለሱ።

ስገባ ደምሴ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። «እነ ጀማል በዚህ ማለዳ ምን ፈልገው ነው?»

«ትሬለሩን ትሸጠው እንደሆነ ሊጠይቁ።»

«ጋቢ ለብሰው?» ብሎ ሳቀ። ደረቱን ይዞ ሳቀ። «አልሸጥም በያቸው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ትሬለሩን የተመኘበት መሰለው። ደስ አለው። በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውለው ነበር።

በሚያዝያ ሞተ። ፋሲካ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አዲሱ ቻርጀር ገባ! ሠራ!

ቅደም ተከተሉን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ። የቤቱን ገመድ መንቀል። የደረቀውን ባትሪ ማውጣት። የድሮውን አራት ብሎን መፍታት (አንዱ ዝጎ ጀማልን አሳበደው)። ሽቦዎቹ ላይ ምልክት ማሰር። አዲሱን ቻርጀርና ጀማል ያመጣውን ባትሪ ማስገባት።

እኔ መሬት ተቀምጬ መመሪያውን አነበብኩለት። ሁሉንም። ማስጠንቀቂያውን፣ ከማስጠንቀቂያው ሥር ያለውን ትንሹን ጽሑፍ፣ የዋስትናውን ወረቀት ሳይቀር።

«የሺ፣ ይሄን ሁሉ የሠራው ሰውዬም አላነበበው!»

«ዝም ብለህ ስማ።»

ቀዩን መብራት፣ አረንጓዴውን መብራት አነበብኩ። ስለ ሽቦው ስደርስ ጀማል ጥቁሩን ይዞ ወደ ኔጋቲቩ ሊያስር ነበር።

«ቆይ! ነጩ ነው ኔጋቲቭ። ጥቁሩ ፖዘቲቭ ነው።»

«ምን ነካሽ፣ ጥቁር ኔጋቲቭ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከመኪና ጋር ነው የኖርኩት።»

«በመኪና እንደዚያ ነው። በተጎታች ቤት ይለያል፣ ይኸው።»

«ማነው ያለው?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱን የምታነቢው አንቺ ነሽ» አለና ሳቀ።

እሱ ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ወረቀቱን እጁ ላይ አደረግኩለት። «ራስህ እየው» አልኩት። «አንብበው። እኔን አትመን።»

መነጽሩን አወጣ፣ ቀስ ብሎ አነበበ፣ አፉን ከፈተ። «ወላሂ፣ ፊውዙን ሁሉ ላነደው ነበር።»

ቤቱ ጋ ሄጄ ገመዱን ሰካሁ። ስመለስ አምስቱም አምፖል በርቷል። በቀን እንኳን ያምራል። የደምሴ ጨርቅ መስኮቱ ላይ አሁንም ተሰቅሏል። ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል።

ከዚያ ለጀማል ነገርኩት። የተጎታቹ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ለእትዬ አስካለ ነግሬዋለሁ ማለቴን፣ ሰላምታውን፣ ቻርጀሩን። ሳይቆጣኝ መቅረቱ ባሰብኝ።

«ያን ዕለት ከደጅ ስትመልሺን» አለ በመጨረሻ፣ «ሲያስለው አደረ አልሽን። መኪና ውስጥ ስንገባ ትልቁ ሽማግሌ ‹እውነቷን ነው?› አሉኝ። እንዳልሆነ ገብቶኛል፣ ግን አይደለም አላልኩም። ዛሬ አላረዳውም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ታዲያ እኔ ካንቺ በምን እሻላለሁ?»

ደግሞም፣ «ለደምሴ ቃል ገብቼለት ነበር» አለ። «ልብህ ካልቻለ እኔ ዩታ ድረስ እጎትትልሃለሁ ብዬው ነበር። ኃይሉ እንደሞቱ እያወቅኩ።»

የድሮውን ቻርጀር ይዞልኝ ሊሄድ ነበር። ተወው አልኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩ። ልብሴን ሳልቀይር፣ ቆሜ።

«እትዬ አስካለ፣ የሺ ነኝ።»



መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋብኝ። «ደምሴ ሳይነገረው ነው የሞተው» አልኩ።

«ምኑ?»

«የጋሼ ኃይሉ ሞት። ነግሬዋለሁ ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»

«አልቅሷል ያልሽኝ?»

«አላለቀሰም።»

«ድምፁ ተዘግቷል ያልሽኝስ?»

«ድምፁ ደህና ነበር።»

እንዲጮሁብኝ ጠበቅኩ። እንዲጮሁብኝ ፈልጌም ነበር።

«ታዲያ እነዚያን ሦስት ወራት ምን ያደርግ ነበር?» አሉ።

«ትሬለሩን ያበጅ ነበር። ለፋሲካ ወደ እናንተ ሊመጣ።»

«ኃይሉ አለ ብሎ?»

«አለ ብሎ።»

ወንበር ሲስቡ ሰማሁ። ተቀመጡ መሰለኝ። ቻርጀሩንም ነገርኳቸው፣ እንዴት አሳስቼ እንዳነበብኩለት። ምን እንደገባቸው እንጃ። አላቋረጡኝም።

«እኔ እኮ ፎቶውን አውርጄዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሕፃን ሆነ። «ስሙ በቤቴ አይጠራ ብያለሁ። ኃይሉን ሳገባ እኮ ደምሴ ጥርሱን ገና የሚነቅል ልጅ ነበር፣ እጄ ላይ ነው ያደገው! ለልጄ ሳላለቅስለት...»

አለቀሱ። እኔም አልቅሼ ነበር፤ እንዳይሰሙኝ ስልኩን ከአፌ አራቅኩት።

ቆይተው፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ለኔ የሞተው ዛሬ ነው» አሉ። «ነገ ለቅሶ እቀመጥለታለሁ። ሰው እጠራለሁ።»

«እሺ።»

«አንቺን ግን፣ የሺ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም። አሁን ዝጊው።»

ዘጋሁት።

ይቅር አላሉኝም። ይቅርታ መጠየቄንም አላስታውስም። ያን ሁሉ ስናገር ይቅርታ የሚለውን ቃል የረሳሁት ይመስለኛል።

ወጥቼ ተጎታቹ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጠዋት ሲነፋ የነበረው የቻርጀሩ ማራገቢያ ቆሟል። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ። መመሪያውን ገለጥኩት። አረንጓዴው መብራት ከበራ ሞልቷል ማለት ነው ይላል። በርቷል።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጠዋት ነው። ጀማል አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሥራ አስፈቅጃለሁ።

አሁን ስልክ ጮኸ። እትዬ አስካለ ናቸው። ሰላምታ የለም።

«ያ ትሬለር ያልሽው የት ነው?»

«ደጄ ላይ ነው። ዛሬ ይነሳል። ጀማል ኮሜርስ ሲቲ ሊወስደው ነው።»

«ኮሜርስ ሲቲ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ባዶ ግቢ ነው።»

«እና ማንም ወደሌለበት ነው የምትልኪው?»

ከኋላቸው በር ሲከፈት፣ ሴቶች ሲገቡ ይሰማል። አንዷ የደምሴን ስም ጠርታ ጮኸች። በሁለት ዓመት ተኩል ስሙ በዚያ ቤት ሲጠራ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

«ሰው መጣብኝ» ብለው ዘጉ።

ጥሪ ነው? ቁጣ ነው? ቁጭ ብዬ ቃላቸውን አንድ በአንድ ከላይ ጻፍኩት። ደግሜ አነበብኩት፣ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ። አሁንም አላወቅኩም። ልሄድ እችላለሁ፣ ደጃቸው ላይ ሊመልሱኝም ይችላሉ። እኔም ከደጅ መልሻለሁ።

የግራ ጎማ ነፋስ ተሞልቷል። የኋላ መብራት ይሠራል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የውሃ ጀሪካን አስገብቻለሁ። የደምሴን ጨርቅ ከመስኮቱ አላነሳሁትም። የድሮውን ቻርጀር መሬት ላይ፣ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ እትዬ አስካለ ምን እንደነበረ ከጠየቁኝ ላሳያቸው።

ገመዱን ከቤቱ ነቅያለሁ። መብራቱ በራሱ በባትሪው ይበራል።

ጀማል ሲመጣ ወደ ኮሜርስ ሲቲ ወይስ ወደ ዩታ ንዳ እንደምለው ገና አልቆረጥኩም። ጥቁር ልብሴን ግን በተጎታቹ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአዲሱ ቻርጀር በላይ፣ ሰቅየዋለሁ።